ወረንጦ ወይስ ሐኪም? የዓይን ማዝና የተመራማሪዎቹ ሥራ

እስቲ ይህን ጋዜጣ ለአንድ አፍታ አስቀምጡትና ትንሹን ልጃችሁን ወደ በሩ ብርሃን አቅርቡት። ፊቱን ተመልከቱ። በዓይኑ ጥግ ዓይናር አለ? ዝንብ አርፎበታል? ልጁ ዝንቡን እሽ ይለዋል ወይስ ለምዶት ዝም ብሎ ይጫወታል? አያችሁት? እንግዲያው ተመለሱና ንባባችሁን ቀጥሉ። የምናወራው ስለዚያ ልጅ ዓይን ነው።

ስለ አያቶቹም ዓይን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አያቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጅ ላይ ትቀመጥና «ና አንተ፣ ያንተ ዓይን ገና ነው፤ ንቀልልኝ» ትለኝ ነበር። ወረንጦዋ ከአንገቷ ማተብ ጋር ታስሮ ነበር የሚውለው። እሷ የዓይኗን ቆብ በጣቷ ሳብ አድርጋ ትይዝልኛለች። እኔ ወደ ውስጥ የገባውን ፀጉር እየፈለግሁ እነቅላለሁ። ስነቅላት አትጮህም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ስጨርስ «ተመስገን፣ አሸዋው ወጣልኝ» ትላለች። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ከሥሩ ሳይነቀል የተቆረጠውማ እንደ ገለባ ጫፍ ይወጋል። ዓመታት አለፉ። የግራ ዓይኗ ብሌን እንደ እርጎ ነጣ። ቀኙም ተከተለ።

እኔ ያኔ የነቀልኩት ፀጉር ጠቀማት ወይስ ጎዳት? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ለካ ሐኪሞችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘውት ኖረዋል። መልሱንም የፈለጉት ሩቅ አገር ሄደው ሳይሆን እዚሁ በአገራችን፣ በጎጃም መንደሮች ነው። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በሽታውን እንወቀው።

አሸዋው ከየት ይመጣል?

በሽታው የዓይን ማዝ ይባላል። ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። የሚያመጣው በባዶ ዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ረጅም ስም አለው፤ ስሙን ባትይዙት ግድ የለም። መንገዱን ግን ያዙት። ጀርሙ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት የሚሄደው በእጅ ነው፤ ፊት በተጠረገበት የነጠላ ጫፍ ነው፤ አብረው በሚለብሱት ጋቢ ነው፤ ከአንዱ ዓይን ተነሥቶ በሌላው ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብ ነው።

አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን አያጠፋም። ልጁ ድኖ እንደገና ሲያዝ፣ ድኖ እንደገና ሲያዝ ነው ነገሩ የሚከፋው። የላይኛው የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል እየቆሰለ እየሻረ ይሄዳል። ቁስል ሲሽር ሥጋን ይሰበስባል። እሳት ያቃጠለው ቆዳ ሲሽር አይታችሁ የለም? እንደዚያ ይጨማደዳል። ሲጨማደድ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም አብሮት ይዞራል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ የዓይኑን ጥርት ያለ ፊት ይፍቃል። እስቲ በአንድ ሰዓት ስንት ጊዜ ዓይናችሁን እንደምትጨፍኑ ቁጠሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይፈቅፍቃል። የተፋቀው ይቆስላል፤ የቆሰለው ይነጣል፤ ብርሃንም አያስገባም።

ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት የሚያልቅ አይደለም። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። በአራት ዓመቱ ዓይናር የነበረበት ልጅ በአርባ ዓመቱ ወረንጦ ይፈልጋል። ሽፋሽፍት የሚታጠፍባቸው ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። ለምን ቢባል ልጅ አቅፎ የሚውለው ማነው? ጀርሙ ልጅ ዘንድ ነው ያለው።

ጀርሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ በማራባት ስሙ የሚነሣው ታንግ ፌይፋን የሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ ነው። ከበሽተኞች ዓይን የወሰደውን በዶሮ እንቁላል አስኳል ውስጥ አራባው። ይህ በ1950ዎቹ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ለማወቅ 7 ወይም 8 ቀንሱ፤ የሒሳብ መለማመጃም ይሆናችኋል።) ታዲያ «ይህ ጀርም በእርግጥ የዓይን ማዝ ያመጣል?» የሚለውን ለማረጋገጥ በማን ላይ ይሞክረው? በራሱ ዓይን ላይ አደረገው። በሽታው ያዘው። እኔ እንዲህ ያለውን ድፍረት ሳስብ እገረማለሁ፤ ዛሬ ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አይመክርም።

ከ100 ልጆች 40

በ2005 እና በ2006 በአገራችን ሰፊ የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። ጥናት አድራጊዎች በየክልሉ እየዞሩ ሰው መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ከ100ው 40ዎቹ የዓይን ማዝ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ከ100ው 62 ያህል ነበር። ይህ ማለት በዚያ ዘመን ሦስት ልጆች አብረው ሲጫወቱ ብታዩ ሁለቱ ታመው ነበር ማለት ይቻላል። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ ከ100 ሰው 3ቱ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይለፍ። በዚያው ጥናት ከፍተኛውን ቁጥር ዓይን ያጠፋው የዓይን ማዝ አይደለም፤ የዓይን ሞራ ነው። ግማሽ ያህሉ ዓይነ ስውር በሞራ ምክንያት የታወረ ነበር። ሞራ በሽማግሌዎች ዓይን ውስጥ የሚጋረድ ነው፤ በቀዶ ጥገና ይወጣና ሰውየው መልሶ ያያል። በማዝ የነጣ ዓይን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ «አያቴ ዓይናቸው ነጥቷል፣ በቃ አልቆለታል» ብላችሁ አትቀመጡ። ሞራ ይሁን ማዝ ለይቶ የሚነግራችሁ የዓይን ባለሙያ ነው።

ቆብ መገልበጥና ጥጥ

ባለሙያው እንዴት ያውቃል? የላይኛውን ቆብ ገልብጦ ያያል። ልጁ ያለቅሳል፤ ሕመሙ ግን ጥቂት ነው፤ ወዲያው ያልፋል። በውስጠኛው ገጽ ላይ ትንንሽ ነጣ ያሉ እብጠቶች ይፈልጋል። አምስትና ከዚያ በላይ ካገኘ «ይህ ልጅ ማዝ አለበት» ይላል። ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኝ አይቆጥረውም። ይህን የመቁጠሪያ ደንብ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው በ1987 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ሐኪም የሚለውን ሌላው አይለውም ነበር። ገበያ ላይ የአንዱ ነጋዴ ቁና ከሌላው ነጋዴ ቁና ቢለያይ እህል እንዴት ይሸጣል? ደንቡ አንድ ቁና ሰጣቸው።

ነገር ግን ዓይን አይቶ የሚፈርደው ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ጀርሙ ከሞተ በኋላም እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ እሳቱ ጠፍቶ ጭሱ እንደሚቆይ ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጀርሙን ይዞ ምልክት የማይታይበት አለ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቆቡን በጥጥ ጠረግ አድርገው ጥጡን ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ። እዚያ የጀርሙ ዘር መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። ልጃችሁን በጥጥ ሲጠርጉት ያያችሁ እናቶች «ምን ወሰዱበት?» ብላችሁ ተጨንቃችሁ ከሆነ፣ የወሰዱት ዓይናሩንና ጀርሙን ብቻ ነው።

ሁለት ማሳ

አሁን ወደ ምርምሩ እንግባ። መድኃኒት መሥራቱ እንዴት ይታወቃል? «ወሰድኩት፣ ዳንኩ» ማለት አይበቃም። ሳይወስደውም የሚድን አለና።

እናንተ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ፍግ ጤፍን ይጨምር እንደሆነ ለማየት ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? ማሳችሁን ለሁለት ትከፍላላችሁ። አንዱ ላይ ፍግ፣ ሌላው ላይ ምንም። ዘሩ አንድ፣ የሚዘራበት ቀን አንድ፣ አራሙ አንድ። ፍግ ያገኘው ለም መሬት ላይ፣ ያላገኘው ጭንጫ ላይ ከሆነ ግን ሙከራው ከንቱ ነው። ምርቱን ያበዛው ፍጉ ይሁን መሬቱ በምን ይለያል? ስለዚህ የትኛው ማሳ ፍግ እንዲያገኝ በዕጣ ይወሰን። ዕጣ አያዳላም። ሐኪሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሰውን ወይም መንደርን በዕጣ ይከፍሉታል፤ ከዚያ ያወዳድራሉ።

በጋምቢያ፣ በ1993 በወጣ ጥናት እንዲህ ተደረገ። እስከዚያ ድረስ ለማዝ የሚሰጠው ቴትራሳይክሊን የሚባል የዓይን ቅባት ነበር። ቅባቱ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ይደረጋል። እስቲ በሚያለቅስ ልጅ ዓይን ውስጥ 6 ሳምንት ሙሉ ቅባት ያደረገች እናት ካለች ትመስክር። ስንቱ ነው የሚጨርሰው? ተመራማሪዎቹ አዚትሮማይሲን የሚባል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ሰጡና ከቅባቱ ሕክምና ጋር አወዳደሩት። አንድ ቀን የተዋጠው ከ6 ሳምንቱ ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በየመንደሩ በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተለካ የሚሰጠው ያ መድኃኒት ነው። ዘንጉ ለምን እንደሆነም እወቁት። ሚዛን በየጎጡ ይዞ መዞር አስቸጋሪ ስለሆነ በቁመት ይገመታል። አዋቂ ሰው 4 ፍሬ ይውጣል። ትንንሽ ልጆች በፈሳሽ ይጠጣሉ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ዛሬም ቅባቱ ነው የሚደረግለት።

ጎንቻ ላይ የተጣለ ዕጣ

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህ ነበር። መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ይሠራል፤ አገር ሙሉ ሲታመምስ? ለማን ይሰጥ? በዓመት ስንቴ?

በ2006 በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ በየቡድኑ ተመደቡ። በአንዱ ቡድን ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒት ያገኛል። በሌላው በዓመት ሁለት ጊዜ። በሌላው ልጆች ብቻ በየሦስት ወሩ። አንዱ ቡድን ደግሞ አንድ ዓመት ጠብቆ እንዲያገኝ ተደረገ።

ልጆች ብቻ በየሦስት ወሩ በተሰጡባቸው መንደሮች መጀመሪያ ከ100 ልጆች 48ቱ ጀርሙ ነበረባቸው። ከዓመት በኋላ ከ4 በታች ሆኑ። መድኃኒት ባልደረሰባቸው መንደሮች ነገሩ እንደነበረ ቀረ። ይህ አያስገርምም፤ መድኃኒቱ የታወቀ ነውና። የሚያስገርመው ሌላው ነው። በእነዚያ መንደሮች ከ11 ዓመት በላይ የሆኑት ምንም አልዋጡም። ሆኖም ጀርሙ የተገኘባቸው ትልልቅ ሰዎች ቁጥር ገና መድኃኒት ባልደረሰባቸው መንደሮች ካሉት ትልልቅ ሰዎች ጋር ሲተያይ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልጁ ሲድን እናቱም ዳነች። ምንጩ ሲጠራ ወንዙም እንደሚጠራ ነው።

በዓመት አንዴ ወይስ ሁለቴ የሚለውስ? ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ አንዴ በተሰጣቸው መንደሮች ከ100 ልጆች 42 የነበረው ወደ 2 ወረደ። ሁለቴ በተሰጣቸው ከ38 ወደ 3 ወረደ። ያው ነው። ሁለት እጥፍ መድኃኒት፣ ሁለት እጥፍ የበቅሎ ጉዞ፣ ሁለት እጥፍ የሰው ቀን ሳይባክን ቀረ ማለት ነው።

«አንድ ዓመት ጠብቁ የተባሉትስ? በደል አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ እኔም ብያለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ፣ ዓመቱ ሲሞላ እነሱም ተሰጥቷቸዋል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ለሁሉም ወረዳ በአንድ ዓመት ማዳረስ ከባድ ነው፤ አንዱ መቅደሙ አንዱ መከተሉ አይቀርም። ተራውን ዕጣ ሲወስነው አድልዎ አይገባበትም። ያም ሆኖ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማንኛውም ተመራማሪ ወደ መንደራችሁ ሲመጣ ልትጠይቁት ይገባል።

ምክንያቱም ከዚያው ወረዳ ያልተጠበቀ ወሬ ወጣ። ተመራማሪዎቹ በየቤቱ ሰው ሲቆጥሩ ስንት ልጅ እንደሞተም መዘገቡ። መድኃኒቱን በወሰዱት መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ሞት በሚጠባበቁት መንደሮች ከነበረው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህ በ2009 ታተመ። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ሞትን ቀነሰ! አዚትሮማይሲን የዓይንን ጀርም ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ የሳንባ ምችና የተቅማጥ ጀርሞችንም ይነካል። አንድ ወረዳ ላይ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በብዙ ሺህ ሕፃናት ላይ እንደገና ተሞከረ። ውጤቱ በ2018 ወጣ። የሕፃናት ሞት በግማሽ አልወረደም፤ በጠቅላላው ከ100 ሞት 13 ያህሉ ቀረ። መጀመሪያ ከታየው ያንሳል። ግን የዳነው ልጅ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። እነሆ፣ የሙከራ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ወሬ አጋንኖ እንዳይወስዱት በሁለተኛው ይመዝናሉ።

ተመልሶ ሲመጣ

በጎንቻ መድኃኒቱ እንዲቆም በተደረገባቸው መንደሮች ጀርሙ ቀስ በቀስ ተመልሶ ጨመረ። አረሙ ተነቅሎ ሥሩ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሥሩ ምንድነው? ውኃ ማጣት፣ የልጆች ፊት ሳይታጠብ መዋል፣ ሜዳ ላይ መጸዳዳት የሚል መልስ ሁላችንም ሰምተናል።

ስለ ዝንቡ ማስረጃ አለ። በልጆች ዓይን ላይ የምትቀመጠው የዝንብ ዓይነት እንቁላሏን የምትጥለው በተለይ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ባለ ሽንት ቤት ውስጥ አትራባም። በጋምቢያ በ2004 በወጣ ጥናት በአንዳንድ መንደር ፀረ ዝንብ መድኃኒት ተረጨ፤ በሌላው ሽንት ቤት ተሠራ፤ ሌላው እንዳለ ተተወ። መድኃኒት በተረጨበት ከልጆች ዓይን ላይ የተያዙት ዝንቦች ከ100 በ88 ቀነሱ፤ ማዙም ቀነሰ። ሽንት ቤት በተሠራበት ዝንቡ ከ100 በ30 ቀነሰ። መድኃኒት በየዓመቱ መርጨት ገንዘብ ይጠይቃል። ጉድጓድ መቆፈሪያ ዶማ ግን ቤታችሁ አለ።

ስለ ውኃው የተገኘው ግን ያልተጠበቀ ነው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። በዋግ ኽምራ፣ 40 መንደሮች ለሁለት ተከፈሉ። በግማሾቹ ውኃ ወጣላቸው፤ የፊት መታጠብና የሽንት ቤት ትምህርት ተሰጣቸው፤ ሳሙናም ተሰጣቸው። ግማሾቹ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ የልጆቹ ዓይን ሲመረመር በሁለቱም በኩል የነበረው ጀርም እኩል ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ2022 ታተመ። ብዙ ሰው አዘነ። አንዳንዱም «እንግዲህ መታጠብ ዋጋ የለውም» አለ። እንዲህ ማለት ግን ስሕተት ነው። ጥናቱ ያሳየው በዚያ ድርቅ በሚያጠቃው አገር፣ ያ ሁሉ ሥራ ተሠርቶ፣ ያለ መድኃኒት በሦስት ዓመት ውስጥ ጀርሙን እንዳልቀነሰ ነው። ውኃው የሆድ በሽታን፣ የእናትን ወገብ፣ የልጃገረዷን የትምህርት ሰዓት በተመለከተ ምን እንደሚያደርግ የጎላ ነገር ነው። ለዓይን ግን መድኃኒቱን ትተን በውኃ ብቻ እንወጣዋለን ማለት እንደማያዋጣ ታወቀ።

ወረንጦው

አሁን አያቴን ወደ ያዘው ጥያቄ ልመለስ።

በ2008 በአማራ ክልል፣ ከስድስት ያነሰ ፀጉር ዓይናቸውን የሚነካቸው 1,300 ሰዎች በጥናት ውስጥ ገቡ። ዕጣ ወጣ። ግማሾቹ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ግማሾቹ አፉ በደንብ የሚገጥም አዲስ ወረንጦ ተሰጣቸው፤ የሚነቅልላቸው ዓይኑ ደኅና የሆነ ሰውም አብሮ ተማረ። ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው።

ሽፋሽፍቱ እየባሰ አምስትና ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘባቸው በወረንጦ ከሚነቀልላቸው ከ100 ሰው 13 ያህል ነበሩ። ቀዶ ጥገና ካደረጉት ከ100 ሰው 2 ያህል ብቻ። ቀዶ ጥገናው በለጠ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በማየት ችሎታና በብሌን መንጣት በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ፀጉሩ ጥቂት የሆነ ሰው፣ ሐኪም እስኪያገኝ ወይም ቀዶ ጥገናውን እምቢ ካለ፣ በደኅና ወረንጦ በደንብ በሚያይ ሰው ከሥሩ ቢነቀልለት ያለ ምንም ከመቀመጥ ይሻለዋል። ፀጉሩ ብዙ የሆነበት ሰው ግን በወረንጦ አይመካ። የአያቴ ፀጉር ከስድስት እጅግ ይበልጥ ነበር። ወረንጦዋም ያረጀ፣ አፉ የማይገጥም፤ እኔም የምቆርጠው ከምነቅለው የሚበልጥ ነበር።

«ቀዶ ጥገናውስ ተመልሶ ይመጣል ይባላል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ውሸት አይደለም። ፀጉራቸው ብዙ የሆነባቸውን ሌሎች 1,300 ሰዎች በዚያው ክልል ሲከታተሉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስት ሰው በአንዱ ገደማ ፀጉሩ ተመልሶ ነበር። ያ ጥናት የክሩን ጉዳይ የሚያይ ነበር። በሐር ክር መስፋት ይሻላል ወይስ ራሱ በሚሟሟ ክር? እኩል ሆኑ። እኩል መሆናቸው ራሱ ጥሩ ዜና ነው። የሐር ክር የተሰፋ ሰው ክሩን ለማስወጣት ተመልሶ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የሚሟሟው ግን ሰውየውን ሁለተኛ አያስኬደውም። የግማሽ ቀን መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መመለሱን ለመቀነስ ሁለት ነገር ተገኝቷል። በወላይታ በተደረገውና በ2006 በታተመው ጥናት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎች ያንኑ አዚትሮማይሲን አንድ ጊዜ ሲውጡ፣ ቅባቱን ብቻ ከሚያደርጉት ሲተያዩ የሚመለስባቸው ቁጥር በሲሶ ቀነሰ። ሁለተኛው የአቆራረጥ ጉዳይ ነው። ቆቡ በሁለት መንገድ ይቀደዳል። አንዱ ቆዳውንም ውስጡንም በአንድነት ይሰነጥቃል። ሌላው ከውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ የውጭ ቆዳው አይነካም። ሁለቱም ለብዙ ዘመን ሲሠራባቸው ኖረዋል፤ እያንዳንዱ ባለሙያ የለመደውን ይወዳል። በአማራ ክልል 1,000 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ውጤቱ በ2016 ወጣ። ሁለቱን በአንድነት በሚሰነጥቀው ከ100 ሰው 22ቱ በዓመት ውስጥ ተመለሰባቸው። ከውስጥ ብቻ በሚሰነጥቀው 13ቱ። እንግዲህ ከ100 ሰው 9ኙ፣ ጢሱ የማያስነባቸው 9 እናቶች፣ ከዚህ አንድ ዕጣ የተገኙ ናቸው።

ፈቃድ

እነዚህን ሁሉ ጥናቶች የሠሩት ፕሮፌሰሮች ብቻ አይደሉም። ዕጣው ላይ እጃቸውን የሰጡት ገበሬዎች ናቸው። በየስድስት ወሩ ከአዝመራ ተነሥተው ለመመርመር የመጡት እነሱ ናቸው። ይህን ሳስብ ስማቸው በጥናቱ ወረቀት ላይ አለመጻፉ ይቆጨኛል። ግን የማንም በሽታ በስሙ እንዳይወጣ ደንቡ እንዲህ ነው።

ደንቡ ሌላም ይላል። ተመራማሪ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ዕጣው ባይወጣላችሁ ምን እንደምታገኙ በቋንቋችሁ ሊነግራችሁ ይገባል። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም መብታችሁ ነው። እሺ ብላችሁ ገብታችሁ መሀል ላይ ልውጣ ማለትም ትችላላችሁ። ስለወጣችሁ ሕክምና አይከለከልባችሁም። ቀድሞ የማያነብ ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። አሁን ግን እናንተ ታነባላችሁ። ወረቀቱን ተቀበሉና አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል አስመሩና ጠይቁ።

የአያቴ ጎረቤት የነበሩ አንዲት እናት አሉ። እሳቸውም ወረንጦ በአንገታቸው ይዘው ነው የኖሩት። ሐኪሞቹ ለዘመቻ ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጡ ሁለት ጊዜ አልሄዱም። አንድ ጊዜ «አዝመራ ነው» አሉ። አንድ ጊዜ «ዓይኔን ያወጡታል ተብያለሁ» አሉ። በሦስተኛው ጊዜ ልጃቸው በበቅሎ አድርጎ ወሰዳቸው። ነርሷ ሁለቱንም ዓይን እንሥራ ብትላቸው «አይሆንም፣ መጀመሪያ ቀኙን ሥሪና ልየው» አሉ። የማደንዘዣ መርፌው ጥቂት ወጋቸው። ከዚያ በኋላ ቆቡ ሲሰፋ እንደተኙ ያወሩ ነበር። በማግሥቱ ፋሻው ተፈታ። ሳምንት ከቆዩ በኋላ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«በግራው ሽሮ ሳማስል ጢሱ ይገርፈኛል» አሉኝ። «በቀኙ አይገርፈኝም።» ከዚያ ቡናውን ቀዱልኝና፣ ነርሷ ከመስቀል በፊት ትመለስ እንደሆነ ጤና ኬላው ሄጄ እንድጠይቅላቸው ላኩኝ።